አርባ ጓጉንቸር

እኔ ፊልም አዋቂ አይደለሁም፤ ሱቅ ውስጥ ሚስማር መዛኝ ነኝ፤
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ግን፣ የኋላ ወንበር አለኝ።

የአዳማ ነፋስ ክፉ ነው፤ የሲኒማውን ቆርቆሮ ጣራ
መደብደብ ይጀምራል፣ ልክ ዝምታው ሲጀምር ሥራ።
ሰውዬው ቢላ ሲስል፣ ሴትዬዋ ደረጃ ስትወጣ፣
ላይ ቤት ማን እንዳለ ሳናውቅ፣ ጣራው ቋ! ይላል በቁጣ፤
ከፊቴ ያለው ሹፌር ዘሎ ፈንድሻውን ያፈሳል፣
ከዚያ እንዳልደነገጠ ሰው፣ ያለ ጉንፋን ይስላል።

አስተያየቴን ከጠየቃችሁኝ (ማንም ባይጠይቀኝም)
የዘንድሮ ፊልሞች ጨለማ ያበዛሉ፤ ፊት እንኳ አይታየኝም።
መርማሪው ሁሉ የተፋታ፣ ሁሉም ብቻውን የሚጠጣ፣
አንድስ እንኳ ለልጁ ደብተር ሊገዛ ከቢሮ አይወጣ?
ደሞ ዝናቡ! ሰው ሊገደል ሲል ሰማይ ቀድሞ ያለቅሳል፤
በዚህ ደንብ አዳማ ላይ ግድያ እስከ ሐምሌ ይታገሳል።
ስልኩ ባትሪ የሚጨርሰው ገዳዩ በሩን ሲነካ፤
ሴትዬዋ ያን ያህል ስትጮህ፣ ጎረቤት የላትም ለካ!
እኛ ሰፈር ድስት ቢወድቅ፣ አምስት ሰው በር ላይ ይገኛል፤
የእትዬ ብርቄማ ጆሮ፣ ሌሊትስ ቢሆን መች ይተኛል?

ገዳዩን ደሞ ቶሎ አውቃለሁ፤ ብልሃቷ ቀላል ናት፦
ስሙ በትልቁ ተጽፎ፣ ሥራው ትንሽ የሆነበት፣
ሻይ አቅርቦ የሚወጣው፣ በር ከፍቶ የሚሰናበት፣
ምንም የማይናገረው ሰው፣ እሱን ነው አጥብቆ ማየት።
«ዝም ያለውን ጠርጥሪ»፣
ከፊልም የቀረልኝ ትምህርት።

አንዱን ብቻ ወደድኩት፤ ስሙ ግን ጠፋብኝ ዛሬ።
በረዶ አለበት፣ ድልድይ አለበት፣ የሞተ አንድ ገበሬ።
መርማሪዋ ጣቷን አነሳች፤ ልትነግረን ነው፤ «ገዳዩ...»
ድርግም! መብራት ሄደ። አሁን ሦስት መቶ ሰዎች ምን ይዩ?
ጄኔሬተሩ አጓርቶ ሲነሳ፣ ፊልሙ ዘሎን ሄዷል፤
እሷ ባቡር ላይ ተቀምጣለች፣ አንዱ እስር ቤት ወርዷል፣
ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው። ስሞች መውጣት ጀመሩ፤
ሰዎቹ ግን አልተበተኑ፤ ደጅ ባጃጅ ከበው ተከራከሩ።
«ወንድምየው ነው!» «የለም፣ ቄሱ!» «ሚስቱ ናት፤ ቀለበቷን አይተሃል?»
ፊልሙን ያላየ ባለ ባጃጅ፣ እሱም «ሐኪሙ ነው» ብሏል።
እስከ ፖስታ ቤት ድረስ፣ ሐኪሙን ሲከስ ወሰደኝ፤
ያ መልስ ያጣ ፊልም ብቻ፣ ሳምንት ሙሉ አስደሰተኝ።

ይሄኛው ግን ፊልም አይደለም።

ግንቦት ላይ አርባ ጓጉንቸር፣ ከመዝገቤ ጎደለ።
ሱቁ ውስጥ አራት ሰው ነን፤ ከአራታችን አንዱ ዝም ያለ፤
ጉተማ፣ ከመተሐራ የመጣ፣ ሲሚንቶ ተሸካሚ፣
ሰላምታው ራስ መነቅነቅ፣ የሌላውን ወሬ ሰሚ።
አለቃችን ሲጠይቁኝ፣ ስሙን እንኳ አልጠራሁም፤
ዓይኔን ወደ መጋዘኑ ላክሁት፤ ከዚያ በላይ አልሠራሁም።
በነጋታው ጉተማ የለም። የሸራ ጫማው ብቻ ቀረ፣
በር ሥር፣ ሲሚንቶ እንዳነጣው፣ ክሩ እንደታሰረ።

ሐምሌ ላይ ቆጠራ ሳደርግ፣ አንዱ ደረሰኝ ጀርባ ኖሯል፤
አርባ ጓጉንቸር፣ በዱቤ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ ሰፍሯል።
ለአለቃዬ ነገርኳቸው። «እንግዲህ ሄዷል» አሉኝ፤
«ባለ ስምንት ሚስማር መዝኚ» ብለው ወደ ደንበኛ ላኩኝ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ነፋሱ ጣራውን ይገርፋል፤
አንድ ሰው በጨለማው መሀል፣ ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤
ከፊቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ።
ትከሻው... ትከሻው ሲሚንቶ የለመደ።
ፊልሙ ምን እንደነበር አትጠይቁኝ፤ ማጅራት ነው ያየሁት።
ገዳዩ ተያዘ መሰለኝ፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤
እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ያ ዝም ያለ ሰው ምን አሰበ?

አምፖሎቹ ሊበሩ ጥቂት ሲቀራቸው፣
መብራት ይሂድ ብዬ ለመንኩ።

አልሄደም።